የወታደሩን ሐኪም የሚያሠለጥኑ

በአሜሪካ ሠራዊት የወታደሩን አእምሮ ከሚያክሙት ባለሙያዎች ጀርባ ስማቸው እምብዛም የማይነሳ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ። ዋና ሥራቸው ታማሚ የሚያየውን ሰው ማሠልጠን ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው ለዓመታት ታማሚ ሲያዩ የኖሩ የሥነ ልቦና ሐኪሞች፣ ሳይካትሪስቶችና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ናቸው። ዩኒፎርም ለብሰው ኢራቅና አፍጋኒስታን ዘምተው የተመለሱ አሉ፤ ከዩኒቨርሲቲና ከሲቪል ሆስፒታል የመጡም አሉ። ተማሪዎቻቸውም በጦር ሰፈር ሆስፒታል የሚሠሩ መኮንኖች ብቻ አይደሉም። ከግዳጅ የተመለሰ የብሔራዊ ዘብ አባል በሚኖርበት የገጠር ከተማ ክሊኒክ ከፍታ የምትሠራ፣ የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሲቪል ባለሙያም ከተማሪዎቻቸው አንዷ ናት።

ዲግሪና የሙያ ፈቃድ የያዘ ሰው ለምን እንደገና ይሠለጥናል? አንደኛው ምክንያት ሠራዊቱ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ሕግና የራሱ ኑሮ ያለው ዓለም መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። በጦርነት ለቆሰለ አእምሮ የሚበጁት ሕክምናዎች ታማሚው ሊረሳው የሚሸሸውን ነገር ፊት ለፊት እንዲያየው የሚያደርጉ ናቸው፤ እሱ እንዲያይ ደግሞ ሐኪሙ አብሮት ማየት አለበት። ይህን ድፍረት ከመጽሐፍ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው። የአሠልጣኞቹ ሙያ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች አካላቸው ሳይቆስል መናገር፣ ማየት ወይም መራመድ እያቃታቸው ከምሽግ ሲወጡ፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም በ1915 «ሼል ሾክ» የሚለውን ስም በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ቶማስ ሳልሞን የተባለ ሐኪም እንግሊዝ ድረስ ሄዶ የእንግሊዞቹን ልምድ አጠና። ይዞት የተመለሰው ትምህርት ሦስት ነገር ነበር፤ ወታደሩ ከግንባሩ ሳይርቅ ይታከም፣ ውሎ ሳያድር ይታከም፣ እንደሚድንና ወደ ጓዶቹ እንደሚመለስም ይነገረው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ይህን የሚያውቁት ሐኪሞች ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ተተኪ የሚያወጣ ሥልጠናም አልቀረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ ጦር «አእምሮው ደካማ ነው» የሚባለውን ምልምል አስቀድሞ በማጣራት ችግሩን አስቀረዋለሁ ብሎ አሰበ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሳይመለመሉ ቀሩ። በ1943 በቱኒዚያ ግንባር ግን ተጣርተው የገቡትም ወታደሮች በብዛት ታመሙ። ፍሬድሪክ ሃንሰን የተባለ ሐኪም የተረሳውን የሳልሞንን ዘዴ አንሥቶ ወታደሮቹን እዚያው ግንባሩ አጠገብ በእረፍት፣ በምግብና በእንቅልፍ ማከም ጀመረ። ጄኔራል ኦማር ብራድሊም በዚያው ዓመት እንዲህ የታመመ ወታደር ሁሉ መጀመሪያ «ዝለት» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ፤ «እብድ» የሚለው ስም እንዳይለጠፍበት ማለት ነው።

ዘዴው ተገኘ፤ የሚሠራበት ሰው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጦሩ ለዚሁ ብሎ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ መጀመሪያ አትላንታ በላውሰን ሆስፒታል፣ በኋላ ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ በሜሰን ሆስፒታል። ጠቅላላ ሐኪሞች ለሦስት ወር ገደማ ተምረው የአእምሮ ሐኪም ሆነው ይወጡ ስለነበር «የዘጠና ቀን ተአምር» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። የፊልም ዳይሬክተሩ ጆን ሂዩስተን የሜሰንን ታካሚዎች የቀረጸበትን ዘጋቢ ፊልም በ1946 ጨረሰ፤ ጦሩ ግን አገደው፣ ሕዝብ ያየው በ1980 ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ሕመም፣ ማለትም ፒቲኤስዲን፣ በይፋ የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባውም በዚሁ በ1980 ነበር። እስከዚያ ድረስ የቬትናም ዘማቾች ለሕመማቸው የሚሆን ይፋዊ ስም እንኳ አላገኙም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት በ1946 ከ22 ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ 200 የሚያህሉ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን በሆስፒታሎቹ ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በአሜሪካ ዛሬ የሥነ ልቦና ሐኪም የሚባለው ሙያ መልኩን በአብዛኛው የያዘው ከዚያ ሥልጠና ነው። መሥሪያ ቤቱም እስካሁን በሀገሩ ውስጥ ብዙ የሥነ ልቦና ሐኪሞችን በማሠልጠን ቀዳሚ ነው።

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ሲጀመሩ አሮጌው ችግር ተመልሶ መጣ። ቻርልስ ሆግና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት የአእምሮ ችግር ምልክት ከታየባቸው ወታደሮች መካከል እርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ደካማ ይሉኛል፣ አለቃዬ በሌላ ዓይን ያየኛል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ ሕክምናው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ዘንድ ከሌሎቹ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2008 ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ከዘመቱት ውስጥ 300 ሺህ ያህሉ ፒቲኤስዲ ወይም ድባቴ እንዳለባቸው ገመተ። ከእነዚህ ሕክምና የፈለጉት ግማሽ ያህል ነበሩ፤ ካገኙት ውስጥም ለደንቡ ያህል እንኳ በቂ የሚባል ሕክምና የደረሳቸው ከግማሽ ጥቂት ቢያልፉ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉም ያስቆጫል። ወታደሩ ፍርሃቱን አሸንፎ ክሊኒኩ በር ድረስ ከመጣ በኋላ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ካጣ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል።

ለዚህ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በ2006 የተቋቋመው የግዳጅ ሥነ ልቦና ማዕከል ነው። ማዕከሉ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ በምትባለው ከተማ፣ ከዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ጋር ግቢ በሚጋራው የሠራዊቱ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለምድር ጦር፣ ለባሕር ኃይልና ለአየር ኃይል ሐኪሞችን ለማውጣት በ1972 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ነርሶችንና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዴቪድ ሪግስ ወደዚያ የመጡት በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የፒቲኤስዲ ሕክምና ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ቆይተው ነው። ከማዕከሉ ሌላ፣ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የሠራዊቱ የሕክምና ማሠልጠኛ ግቢ አለ፤ እዚያ የሦስቱም ጦር ክፍሎች የአእምሮ ጤና ረዳቶች አብረው ይሠለጥናሉ። እነዚህ ረዳቶች ብዙ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ከክፍላቸው ጋር ዘምተው ወታደሩን ከማንም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ስለሆኑ የሥልጠናቸው ጉዳይ ቀላል አይደለም።

ሲቪሉ ሐኪም መጀመሪያ የሚማረው የሠራዊቱን ኑሮ ነው። የመከላከያና የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቶች አብረው ያዘጋጁት በኢንተርኔት የሚሰጥ የስምንት ሰዓት ኮርስ አለ፤ ማዕረጉን፣ መሐላውን፣ የጦር ክፍሎቹን ልዩነት፣ ወታደሩ ከምልመላ እስከ ስንብት የሚያልፍበትን መንገድ ያስተምራል። በክፍል ውስጥ ግን አሠልጣኞቹ ወደ ዝርዝሩ ይወርዳሉ። የማሪን ጦር አባል የሆነውን ሰው የምድር ጦር ወታደር ብሎ መጥራት ገና በመጀመሪያው ደቂቃ «ይህች ስለ እኔ የምታውቀው ነገር የለም» ያሰኛል። «ሰው ገድለሃል?» ብሎ ከመነሻው መጠየቅ በሩን ይዘጋል። ለሃያ ዓመት የሰዎችን ሕይወት በእጁ ይዞ የኖረ ሃምሳ አለቃ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ስለ ልጆቹ፣ ማለትም ስለሚመራቸው ወታደሮች፣ ማውራት ቢጀምር ከጥያቄው እየሸሸ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ራሱ የሚናገርበት መንገድ ያ ነው። አንድ ሲቪል ሐኪም ለበሽታ ምልክት የሚወስደውን ጥንቃቄ፣ ለምሳሌ በር በሩን እያዩ መቀመጥን፣ ግዳጅ ላይ በሕይወት ያቆየ ልማድ አድርጎ ማየት መልመድ አለበት። ልማዱ ቤት ድረስ ሲከተል ነው ችግር የሚሆነው።

ቀጥሎ የምሥጢር ጉዳይ ይመጣል፤ ሐኪሞቹን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሐኪም ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ታማሚው፣ ሌላው ሠራዊቱ። መሣሪያ የሚይዝ፣ አውሮፕላን የሚያበር ወይም የኑክሌር መሣሪያ የሚጠብቅ ሰው ታምሞ ሳለ ዝም ቢባል የብዙ ሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። የተባለ ሁሉ ለአዛዡ ከተነገረ ደግሞ ማንም ወታደር አፉን አይከፍትም። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2011 ያወጣው መመሪያ ሚዛኑን ወደ ታማሚው አደላ። በዚህ መሠረት ሐኪሙ ለአዛዥ የማይናገር ሆኖ ይጀምራል፤ የሚናገረው ወታደሩ ራሱን ወይም ሌላን ሊጎዳ ሲል፣ ግዳጁን አደጋ ላይ ሲጥል ወይም ሆስፒታል ሲተኛ፣ እንዲሁም በተለዩ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ያኔም የሚበቃውን ያህል እንጂ ሁሉንም አይደለም። ብራንደን አክት የሚባለው ሕግ በ2021 ማብቂያ ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ ወታደሩ ምክንያቱን ሳይገልጽ «ምርመራ እፈልጋለሁ» ብሎ አለቃውን ቢጠይቅ አለቃው እንዲልከው ግዴታ አለበት። አሠልጣኞቹ ይህን ሁሉ የሚያስተምሩት ሕጉን በማንበብ አይደለም። አንዱ አሠልጣኝ ሻምበል ይሆንና ስልክ ይደውላል፤ «ያ ልጅ ምን ሆነ? ነገ ላዘምተው ነው፣ ንገሪኝ» ይላል። ሠልጣኟ አዛዡን ሳታስቀይም፣ ታማሚዋንም ሳትሸጥ መልስ ማግኘት አለባት። ብዙዎች በመጀመሪያው ሙከራ ወይ ሁሉን ይዘረግፋሉ፣ ወይ ደርቀው ይቀራሉ። ምንም ያህል ቢነገራቸው ሐኪሙን የማያምኑ ወታደሮች ወደ ጦሩ ካህን ይሄዳሉ፤ ካህኑ የሰማውን ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። ጥሩ አሠልጣኝ ሠልጣኞቹ ካህኑን እንደ ባልደረባ እንዲያዩት ያደርጋል።

የሥልጠናው እምብርት ግን ሕክምናው ነው። ለፒቲኤስዲ ዛሬ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው የንግግር ሕክምናዎች ሁለቱ መጀመሪያ ለወታደር ተብለው አልተሠሩም። አንደኛውን የእስራኤል ተወላጇ ኤድና ፎአ፣ ሁለተኛውን በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ሬሲክ የሠሯቸው ተደፍረው የመጡ ሴቶችን ሲያክሙ ነበር። በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት የፎአን ሕክምና በ284 የሠራዊቱ ሴቶች ላይ፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች፣ ፈትኖ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ አገኘው። ዛሬ በየጦር ሰፈሩ ጎረምሳ ተዋጊዎችን የሚያድነው ሕክምና የተገኘው በእነዚያ ሴቶች ሥቃይና ጽናት መሆኑን ማንም ሊረሳው አይገባም።

የፎአ ሕክምና ከ8 እስከ 15 ጊዜ በሚደረግ የዘጠና ደቂቃ ቀጠሮ ይሰጣል። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ የደረሰበትን ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ በዝርዝር ይናገራል፣ ጨርሶም ይደግመዋል። ንግግሩ ይቀረጻል፤ ቤቱ ወስዶ ይሰማዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ከጦርነቱ ወዲህ የሚሸሻቸውን ነገሮች፣ ገበያውን፣ የሰው ግርግርን፣ መኪና መንዳትን፣ ከቀላሉ እየጀመረ ይለማመዳል። የሬሲክ ሕክምና 12 ቀጠሮ ነው፤ «ጓደኛዬ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው»፣ «ከእንግዲህ ማንንም አላምንም» የሚሉትን አእምሮ ውስጥ ተቸክለው የቀሩ ሐሳቦች አንድ በአንድ እያወጣ ያስመረምራል። በ2023 የታደሰው የመከላከያና የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ለፒቲኤስዲ እነዚህንና የመሰሏቸውን የንግግር ሕክምናዎች ከመድኃኒት ያስቀድማል። አሠልጣኞቹ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠውንም የንግግር ሕክምና ያስተምራሉ። ይህኛው ቀላል መግቢያ ነው፤ ስለ ጦርነት ለማውራት ፈቃደኛ ያልሆነ ወታደር እንቅልፍ እምቢ እንዳለው ለመናገር አያፍርም።

ሕክምናው ተገኝቶ ሳለ ለምን ታማሚው ጋ አይደርስም? አንዱ ትልቅ እንቅፋት የሐኪሙ ፍርሃት ነው። በ2004 የታተመ የዳሰሳ ጥናት አብዛኞቹ የሥነ ልቦና ሐኪሞች የፎአን ዓይነት ሕክምና ለፒቲኤስዲ ሰጥተው እንደማያውቁ አሳየ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቁስሉን ብነካው ታማሚው ይብስበታል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከቸርነት የመጣ ነው፤ ግን ታማሚውን ከነሕመሙ ያስቀረዋል። ታማሚው ከትዝታው ይሸሻል፣ ሐኪሙም አብሮት ይሸሻል፤ ሁለቱም ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሳምንቱ ውሎ እያወሩ ወራት ያልፋሉ።

ስለዚህ ሥልጠናው ከሁለት እስከ አራት ቀን በሚወስደው ዐውደ ጥናት አያበቃም። እንዲያውም ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሠልጣኙ ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ እውነተኛ ታማሚ ይይዛል፤ በታማሚው ፈቃድ ቀጠሮው ይቀረጻል፤ በየሳምንቱ ከአሠልጣኙና ከሌሎች ጥቂት ሠልጣኞች ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገናኛል፤ ይህ ለወራት ይቀጥላል።

ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ የሚሆነው ይህን ይመስላል። ሠልጣኟ «ጥሩ ሄዷል» ብላ ትጀምራለች። አሠልጣኙ ቅጂውን አስቀድሞ ሰምቷል። ወታደሩ የተሽከርካሪ ሰልፋቸው በፈንጂ የተመታበትን ቀን እየተናገረ ነው። ሐኪሟ በየአምስት ደቂቃው ጭንቀቱን ከዜሮ እስከ መቶ ባለው ልኬት ትጠይቀዋለች፤ 60 ይላል፣ ከዚያ 75 ይላል። መኪናው ሲቃጠል፣ የሾፌሩን በር ለመክፈት እጁን ሲዘረጋ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቁጥሩ 95 ይደርሳል። ልክ እዚያ ላይ ሐኪሟ «ከዚያ ሄሊኮፕተሩ መጣ?» ትላለች። እሱም እፎይ ብሎ ስለ ሄሊኮፕተሩ ይቀጥላል። አሠልጣኙ ያቺን ቦታ መልሶ ያሰማታል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ብዙ ሠልጣኞች ራሳቸው ያገኙታል፦ በሩን ዘለልኩት። አሠልጣኙ «ለምን ዘለልሽ?» ሲል የጥፋተኝነት ምርመራ እያካሄደ አይደለም፤ የእሷን ልብ ምት፣ የእሷን ሐሳብ ነው የሚጠይቃት። በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ላይ ትቆያለች። «እጅህ ምን ይሰማዋል? ምን ትሰማለህ?» ትላለች፣ ከዚያም አትቸኩልም። ያን ቦታ ደጋግመው በነኩት ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል፤ ወታደሩም በሩ ከመጀመሪያው ሊከፈት እንደማይችል ለራሱ የሚናገርበት ቀን ይመጣል።

ይህ ክትትል በጥናትም የተደገፈ ነው። በ2005 የታተመ ሙከራ ለሐኪሞች የአንድ የንግግር ሕክምና መመሪያ መጽሐፍ ብቻ መስጠት፣ መጽሐፉን ከኢንተርኔት ትምህርት ጋር መስጠት፣ ወይም ከሴሚናርና ከክትትል ጋር መስጠት ምን ልዩነት እንደሚያመጣ አነጻጸረ፤ ችሎታቸው ጎልቶ የተሻሻለው የመጨረሻዎቹ ነበሩ። በ2018 ደግሞ ከካናዳ የወጣ ጥናት ከዚህ ገፋ አድርጎ ታማሚዎቹን ራሳቸውን ተመለከተ። የሬሲክን ሕክምና የሚማሩ ሐኪሞች ከዐውደ ጥናቱ በኋላ ሳምንታዊ ምክክር ሲያገኙ፣ ታማሚዎቻቸው ምክክር ካላገኙት ሐኪሞች ታማሚዎች የተሻለ ዳኑ። የአሠልጣኙ ጊዜ ውድ ስለሆነ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ ሊቆረጥ የሚችለው ይኸው ክትትል ነው፤ ይህ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚበልጥ ቁጠባ ነው።

ራስን የማጥፋት አደጋ የራሱ ሥልጠና አለው። ድሮ የተለመደው ታማሚው «ራሴን አልጎዳም» የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርም ማድረግ ነበር። ክሬግ ብራያንና ባልደረቦቹ በኮሎራዶ ፎርት ካርሰን የጦር ሰፈር 97 ወታደሮችን ይዘው ሌላ ነገር ሞከሩ። ሐኪሙና ወታደሩ አብረው ተቀምጠው አንዲት ትንሽ ካርድ ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ የወታደሩ የራሱ እጅ ነው። ካርዷ ላይ ቀኑ ሊከፋ ሲል የሚታየው ምልክት፣ ብቻውን የሚያደርገው ነገር፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የሐኪሙና የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ አንዳንዴም ለመኖር የሚያበቃው ምክንያት ይሰፍራል። «ውሻዬን ይዤ መውጣት፤ ለእህቴ መደወል» የሚል ሊሆን ይችላል። በ2017 የወጣው ውጤት በካርዷ የታገዙት ወታደሮች ራስን የማጥፋት ሙከራ በፊርማው ከታገዙት በ76 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። አሠልጣኞቹ ሠልጣኞቻቸውን የራሳቸውን ካርድ ያስጽፏቸዋል። በራሱ ያልሞከረው ሐኪም ካርዷን ቅጽ አስመስሎ ይሰጣታል፣ ቅጽ ደግሞ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ከዚህ ጋር ስለ ጦር መሣሪያ አያያዝ ከወታደሩና ከቤተሰቡ ጋር ማውራትም ይሠለጠናል፤ መሣሪያ በብዛት ባለበት ሀገር ከዚህ ወሬ መሸሽ አይቻልም።

የሲቪሎቹ ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ብሔራዊ ዘብና ተጠባባቂ ጦር ከግዳጅ ሲመለሱ የሚበተኑት ወታደራዊ ሆስፒታል ወደሌለባቸው ከተሞች ነው። ራንድ በ2014 ከ500 በላይ ሲቪል የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ የሠራዊቱን ባህል አውቀው በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና ለመስጠት የተዘጋጁት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ የግዛቱ ብሔራዊ ዘብና የቤተስዳው ማዕከል አንድ ላይ ሆነው ስታር ቢሄቪየራል ሄልዝ ፕሮቫይደርስ የተባለውን ፕሮግራም የጀመሩት ለዚህ ነው። ሥልጠናው ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ የሠራዊቱ ኑሮ፣ ቀጥሎ ከግዳጅ ጋር የሚመጡ ችግሮች፣ በመጨረሻ ሕክምናው ራሱ። የጨረሰ ባለሙያ ስሙ ሕዝብ በሚያየው መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ወታደሩ ወይም ሚስቱ በአካባቢያቸው የሚገኘውን ፈልገው ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ከኢንዲያና ተነሥቶ ወደ ሌሎች ግዛቶች ደርሷል።

ይህ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ ነገር አይደለም። ቤተስዳ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ በነርስነት፣ በማኅበራዊ ሥራና በአእምሮ ሕክምና የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በአሜሪካ ሠራዊት ያገለገሉ የኢትዮጵያ ተወላጆችም አሉ፤ ማቭኒ የሚባለው ቋንቋ የሚያውቁ ስደተኞችን የዜግነት መንገድ እየሰጠ ይመለምል የነበረው ፕሮግራም ይፈልጋቸው ከነበሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። እንዲህ ያለው ወታደር ታምሞ ቤቱ ሲገባ እናቱ ጠበል ልትወስደው ትችላለች፤ ዘመድ «ልጁ ጦር ሜዳ ምን ነካው?» ይላል፤ እሱ ራሱም ሕመሙን የሚናገረው «ልቤን ይጨንቀኛል፣ ራሴን ያመኛል» ብሎ ሊሆን ይችላል። የሠራዊቱንም የቤቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሐኪም ለእሱ ትልቅ ዕድል ነው። ሥልጠናዎቹ ለሲቪል ባለሙያዎች ክፍት ስለሆኑ፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በብዛት ቢገቡባቸው የሚጠቀመው ብዙ ቤተሰብ ነው።

አሠልጣኞቹ የሚያስተምሩት ሕክምና ሁሉን አያድንም። በ2015 የወጣ ግምገማ እነዚህን ሁለት ሕክምናዎች ከወሰዱ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሕክምናው ሲያልቅም የፒቲኤስዲ መስፈርቱን እንደሚያሟሉ አሳየ፤ ብዙዎች ቢሻላቸውም ማለት ነው። ሕክምናውን አቋርጦ የሚሄደውም ጥቂት አይደለም። ለዚህም ነው አሠልጣኞች በየጊዜው የሚሰጡትን ትምህርት የሚያሻሽሉት። ፎርት ሁድ በተባለው የጦር ሰፈር በተደረገና በ2018 በወጣ ጥናት የፎአን ሕክምና በስምንት ሳምንት ፋንታ በሁለት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ መስጠት ከረጅሙ እንደማያንስ ታየ፤ ለግዳጅ ለሚጠራ ወታደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍርሃት ያልሆነ ሕመምም አለ። ያደረገውን ወይም ሳያደርግ የቀረውን ነገር ሕሊናው የማይቀበልለት ወታደር በሽታው ጭንቀት ሳይሆን የሞራል ቁስል ነው። ጆናታን ሼይ የተባሉት ሳይካትሪስት የቬትናም ዘማቾችን ሲያክሙ ያዩትን ይህን ጉዳት በ1990ዎቹ ከጻፉ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ሥልጠናው እየገባ ነው። እዚህ ላይ «ጥፋትህ አይደለም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አንዳንዱ በእርግጥ ያጠፋ ነው፣ ሐኪሙም ይህን ሰምቶ ሳይፈርድና ሳያቃልል መቀመጥን መማር አለበት።

አሠልጣኝ ለመሆን የተለየ ዲግሪ የለም። መንገዱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ሠልጣኝ ይሆናል፣ በክትትል ስር ብዙ ታማሚ ያያል፣ ከዚያ በሌላ አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ የሌሎችን ቅጂ ይሰማል፣ ቆይቶ ምክክሩን ራሱ ይመራል፣ በመጨረሻ ዐውደ ጥናት እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። ዓመታት ይወስዳል። ለዓመታት የሌሎችን ሐኪሞች ቅጂ የሚያዳምጥ ሰው በየሳምንቱ የብዙ ወታደሮችን መከራ ይሰማል፤ ስለዚህ አሠልጣኞቹም በተራቸው እርስ በርስ የሚመካከሩበት ሰዓት በፕሮግራማቸው ውስጥ ይያዝላቸዋል። ብዙዎቹ በሳምንት ጥቂት ታማሚ ማየታቸውንም አያቋርጡም፤ ለሠልጣኞች የሚያሰሙትም ከራሳቸው ቀጠሮ የተቀረጸውን፣ የተሳሳቱበትን ጭምር ነው።